ቀይ ምልክት የምትቆጥረው እናት፤ «ትምህርት ቤቱን ለመምህሩ ተዉለት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአምስት ሰዎች በስልኬ ደረሰኝ። ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ናቸው፤ አንዷ እህቴ ናት፤ አንዱ የልጄ የክፍል ጓደኛ አባት ነው። አምስተኛው እንደ እኔ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ኮሚቴ አባል ሲሆን ከጽሑፉ ሥር «እንግዲህ ማኅተሙን እናስረክብ» ብሎ አክሎበታል። ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል። በዚያው ሳምንት በጠራነው ስብሰባ ላይ ከወትሮው ግማሽ ያህል ሰው ብቻ ሲመጣ ግን ቀልዱ አላሳቀኝም።

ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። ሃያ ዓመት ያስተማሩ መምህር መሆናቸውን ብቻ ነግረውናል፤ ከአጻጻፋቸውም እውነት ይመስለኛል። የደከመ መምህር ድምፅ አለው፤ የደከመን መምህር ደግሞ መሳደብ ነውር ነው። የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ማስተማር ሙያ ስለሆነ፣ ወላጅ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ ለሐኪሙ ምላጭ እንደማያቀብል ሁሉ፣ በትምህርት ሥራም እጁን ማስገባት የለበትም። አባቶቻችን ከወላጅ ርቀው፣ ቁራሽ ለምነው ተምረው ሊቃውንት ሆነዋል፤ የዛሬው ልጅ ግን በክትትል ብዛት በራሱ መቆም አቅቶታል። «የወላጅ ተሳትፎ» በተግባር የገንዘብ መሰብሰቢያ ስም ነው። ተሳትፎው የሚጠቅመው የተማረና ጊዜ ያለው ወላጅ ያለውን ልጅ ብቻ ስለሆነ የድሃውን ልጅ የባሰ ወደ ኋላ ያስቀረዋል። በመጨረሻም፣ የቤት ሥራ ማገዝ ውጤት እንደማያሻሽል የውጭ ጥናት አሳይቷል፤ የእኛም የ12ኛ ክፍል ውጤት ያሽቆለቆለው ወላጅ በአስጠኚና በቴሌግራም ቡድን ከምንጊዜውም በላይ በገባበት ዘመን ነው። አጣምሜ አቅርቤባቸው ከሆነ ያርሙኝ።

ከሐኪሙ ልጀምር። ጸሐፊው ምሳሌውን ሲመርጡ የትኛውን ሆስፒታል እንዳሰቡ አላውቅም። የጥቁር አንበሳን የሕፃናት ክፍል ያየ ሰው ግን ከታመመው ልጅ አልጋ አጠገብ እናት ወይም አባት እንደማይጠፋ ያውቃል። አስታማሚ የሚባል ሰው በአገራችን ሆስፒታል ጌጥ አይደለም። ምግብ የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ ሌሊት ትኩሳቱ ሲነሣ ነርስ የሚጠራው እሱ ነው። ሐኪሙም ምላጩን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረው? ምን በላ? ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎት ያውቃል? ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ሕፃኑን ሳይሆን እናቱን ነው። ምላጭ ላቀብል ያለ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የልጃችንን ታሪክ እንናገር ብለን ግን በር የተዘጋብን ብዙዎች ነን።

ታሪክ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ታላቁ ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው። እስካሁን ያስተማሩትን መምህራን ልቆጥር ሞክሬ ሠላሳ ላይ ስደርስ ተውኩት። ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋና ክፍሉን በወጉ ሳይጨርስ ሦስተኛ ገባ። አምስተኛ ሲደርስ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ መጽሐፉ ተለወጠ፣ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ አከፋፈሉም ተለወጠ። በመካከሉ ደግሞ እኔ አቅሜ አልችል ብሎ ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርኩት። በዚህ ሁሉ ውስጥ አብሮት የተሻገረ መምህር የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የአራተኛ ክፍል መምህርቱ ክፍልፋይ ላይ እንደሚሰናከል ደርሳበት ነበር። የሰባተኛ ክፍሉ መምህር መስከረም ላይ በየክፍሉ ሃምሳ አዲስ ፊት ሲቀበል ይህን ከየት ያውቃል? ሄጄ ነገርኩት። ሥራውን አልነጠቅሁትም፤ ራሱ እስኪደርስበት የሚያልፈውን ሦስት ወር አተረፍኩለት።

አሁን ወደ ቆሎ ተማሪው። ጽሑፉን የሚያጋራ ሰው ሁሉ የሚወደው ይህን ክፍል ነው፤ እኔንም ነክቶኛል። አያቴ በልጅነታቸው ከቤት ጠፍተው ጎጃም ቅኔ ቤት የገቡ ሰው ነበሩ። ሲያወሩልን ግን ስለ ብቸኝነት አውርተው አያውቁም። የሚያወሩት ስለ የኔታ ነው፤ በዚያው በጎጆዎቹ መካከል ስለሚኖሩት፣ ማን እንደተቀኘ በጨለማ በድምፁ ብቻ ስለሚለዩት። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ስለሚያስጠናበት ልማድ ያወራሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ መንደሩ እናቶች። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻውን ገስጻ፣ ከምድጃዋ ተነሥታ ቁራሽ የምታወጣለት ሴት ብዙ ጊዜ የራሷም ልጅ በሌላ አገር ደጃፍ ቆሞ ይሆናል። ለሰው ልጅ የምትሰጠው ለልጇ የሚሰጥላት ሌላ እናት እንዳለች አምና ነው። ታዲያ ወላጅ የቱ ላይ ነው የቀረው? ወላጅነት በመንደሩ ሁሉ ተከፋፈለ እንጂ አልጠፋም።

ልጁ ወደ ሩቅ አገር ከመሄዱ በፊት ያለውንም ጸሐፊው ዘለውታል። በሰፈሩ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ተምሮ፣ ዳዊት ሲደግም የሚደግሰው ማን ነበር? ጎረቤት ተጠርቶ፣ ለመምህሩ ስጦታ ተዘጋጅቶ፣ ልጁ በሰው ፊት የሚመሰገንበት ድግስ የወላጅ ድግስ ነው። በዛሬ አማርኛ ብንጠራው «የወላጆች ቀን» መሆኑ ነው፤ ያውም ያለ ድምፅ ማጉያ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለመናገር ትንሽ ይከብዳል። ሊቃውንቱን እናውቃቸዋለን፤ ስማቸው ተጽፏል፣ ቅኔያቸው ይጠቀሳል። በተስቦ የሞተውን፣ በረሃብ ተመልሶ እርሻ የያዘውን፣ መንገድ ላይ የቀረውን ግን ማን ቆጠረው? የደረሱትን ብቻ አይቶ መንገዱ ደህና ነበር ማለት፣ ወንዝ ተሻግሮ የመጣውን ሰው ብቻ ጠይቆ ወንዙ ጥልቅ አይደለም እንደማለት ነው። ለማንኛውም ጸሐፊው የኔታን ይመልሱልን። ከተማሪው ጋር የሚያድር፣ በየዓመቱ የማይቀየር፣ እያንዳንዱን በድምፁ የሚለይ መምህር ካመጡልን እኔ በማግሥቱ ከኮሚቴው እወጣለሁ።

እዚያው ላይ የዳግማዊ ምኒልክን የትምህርት አዋጅ ጠቅሰው፣ ትምህርት ቤትና አስተማሪ የሚያዘጋጀው መንግሥት መሆኑ ያኔ ተነግሯል ብለዋል። እውነት ነው፤ ተነግሯል። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን አዋጁ ልጁን ለማስተማር ስለማይተጋ ወላጅ ይናገራል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። በዘመናቸው የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከእኛ ግቢ በእግር የሚደረስ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ይህ አከፋፈል ትዝ ይለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱንና አስተማሪውን ለመንግሥት፣ ትጋቱን ለወላጅ ሰጥተዋል። ጸሐፊው የመንግሥትን ድርሻ አንብበው የወላጅን ድርሻ አጥፈውታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዝቅ ብሎ ይደገማል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልከራከርም፤ አብዛኛው እውነት ነው። ልጄ በግል ትምህርት ቤት ሳለ የምንጠራው ክፍያ ሊጨመር ሲል ነበር፤ ስለ ኬጂ ምረቃ ጋዋን ኪራይ ደግሞ ዝም ብል ይሻለኛል። ግን የዕድር ገንዘብ ያዥ ገንዘብ ቢያጎድል ዕድሩ አይፈርስም፤ ገንዘብ ያዡ ይወርዳል። በተጨማሪም የከተማው አሠራር የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከመጨመራቸው በፊት ከወላጆች ጋር እንዲወያዩ ያዛል። በጸሐፊው ምክር ወላጅ ሁሉ ቤቱ ቢቀር ያ ውይይት ከባዶ ወንበር ጋር ይሆናል፤ ባዶ ወንበር ደግሞ «ለምን?» አይልም።

ከአምስቱ ነጥቦች እውነተኛ ክብደት ያለው አራተኛው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። ተሳትፎ የተማረ ወላጅ ያለውን ልጅ ብቻ ይጠቅማል ይላሉ። መነሻቸው ተሳትፎ ማለት ማስጠናት ነው የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ከሆነ እኔም ወደቅሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምር እውላለሁ። በአዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ነው፤ የልጄን መጽሐፍ ከፍቼ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ የዘጋሁበት ማታ ብዙ ነው። እኔ ካቃተኝ ያልተማረችው እናት ምን ታደርጋለች? ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ።

ከትምህርት ቤታችን ሳይርቅ ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ሦስት ልጆቿ እኛ ግቢ ይማራሉ። ማታ ማታ ደብተራቸውን አስከፍታ ገጹን ታገላብጣለች፤ የምትፈልገው ቀይ እስክሪብቶ ነው። ራይት ይሁን ኤክስ ግድ የላትም፤ ቀይ መኖሩን ብቻ ትቆጥራለች። ባለፈው ዓመት በአንዱ ደብተር ላይ ለአምስት ሳምንት ቀይ አጣች። ኮሚቴው ወደሚሰበሰብበት ክፍል መጥታ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀይ ግን አውቃለሁ። ይህ ልጅ አምስት ሳምንት ሙሉ የጻፈውን ማን አየለት?»

መምህሩን ጠራነው። መጀመሪያ ተቆጣ፤ አልፈረድኩበትም። ሰባት ክፍል ያስተምራል፤ በየክፍሉ ሃምሳ ተማሪ ቢባል 350 ደብተር ነው። ተነጋግረን ተማሪዎቹ ደብተር ተለዋውጠው እርስ በርስ እንዲተራረሙ፣ እሱ ደግሞ በሳምንት ከየክፍሉ አሥር አሥር ደብተር እንዲያይ ተስማማን። በአምስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ይህን ያመጣው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ አይደለም፤ ዲግሪ ያለን የኮሚቴ አባላትም አልነበርንም። የሌሎቹ 347 ልጆች ደብተርም የታየው ለእሷ ሦስት ልጆች ስትል በጠየቀችው ጥያቄ ነው። እርግጥ ሦስቱም በአንድ መምህር ሥር አይደሉም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን እንዲህ መሳሳት አይገባኝም፤ 349 በሉት።

የማብሰያ ክፍሉንም እንይ። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ለልጆቹ ቁርስና ምሳ የሚያዘጋጁት እናቶች ናቸው። የትኛው ልጅ ሰኞ ሰኞ ከሌላው ቀን አብልጦ እንደሚበላ፣ የትኛው ዳቦውን ሳይጨርስ ለታናሹ በኪሱ እንደሚይዝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የክፍል ኃላፊ መምህሩ «ትኩረት የለውም» ብሎ የጻፈበትን ልጅ አንዷ መጋቢ እናት «ቅዳሜና እሑድ የሚበላው የለውም» ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድታናለች። በጸሐፊው ሚዛን ይህች ሴት ያልተማረች ናት፤ ተሳትፎዋም የማይቆጠር ነው።

ደግሞስ ተሳትፎ ቢቀር ማን ይጎዳል? ገንዘብ ያለው ወላጅ አስጠኚ ቀጥሮ፣ ለርዕሰ መምህሩ ደውሎ፣ ካልሆነለትም ልጁን አዛውሮ ይኖራል። ስብሰባው ቢዘጋ የሚዘጋው በጉሊቷ እናት ላይ ነው፤ ሌላ በር የላትም። የእኩልነት ስም ይዞ የመጣው ምክር መጨረሻው ያላትን አንድ ወንበር ማንሣት ሆነ።

በጊዜ ጉዳይ ግን ትክክል ናቸው፤ ይህን ሳላድበሰብስ እቀበላለሁ። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች ዛሬ በከተማዋ ዳር ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ከለመዱት ትምህርት ቤት ማውጣት ስላልፈለጉ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ያመጧቸዋል። እኛ ግን ለዓመታት ስብሰባ የምንጠራው ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ሳይመጡ ሲቀሩም በቃለ ጉባኤው ላይ «ወላጆች ትኩረት አልሰጡም» ብለን እንጽፍ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ አለበት። ጥፋቱ የቀጠሮው ነበር እንጂ የወላጆቹ አልነበረም።

ወደ ጥናቱ እንምጣ። ጸሐፊው የጥናቱን ስም አልጠቀሱም፤ ከገለጻቸው ግን ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. 50 ጥናቶችን አሰባስበው፣ በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያወጡት ትንተና ይመስለኛል። በዚያ ትንተና የቤት ሥራ እገዛ እንደ ሌሎቹ የተሳትፎ ዓይነቶች ከውጤት ጋር ተያይዞ አልተገኘም፤ ይህ እውነት ነው። እኔም ምስክር ነኝ። ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለ የታዘዘውን የኩላሊት ሞዴል ከካርቶን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ከአሥር ዘጠኝ ሲሰጠኝ ለጎደለችው አንዷ ነጥብ ያዘንኩትም እኔው ነኝ። ልጁ ስለ ኩላሊት ዛሬም ብዙ አያውቅም። በየማተሚያ ቤቱ የልጆቻችንን «ፕሮጀክት» በገንዘብ የምናሠራ ወላጆችም እንፈርበት።

ነገር ግን እዚያው ትንተና ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ከጥሩ ውጤት ጋር ተያይዞ የተገኘ ነገር አለ፤ ወላጅ ከልጁ የሚጠብቀውን መንገሩ፣ ትምህርቱ ለነገ ሕይወቱ ምን እንደሚጠቅመው አብሮት ማውራቱ፣ እንዴት እንደሚያጠና መነጋገሩ። ይህ ዲግሪ አይጠይቅም፤ እራት ላይ የሚደረግ ነው። የተከበሩት መምህር የአዋጁን ግማሽ እንዳጠፉት የጥናቱንም ግማሽ አጥፈውታል። ልብ በሉልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር።

የ12ኛ ክፍሉ ውጤትስ? ቁጥሩ አሳፋሪ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ምን ተለወጠ? ወላጅ አይደለም። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ መሰጠት ጀመረ። ሚዛኑ ሲስተካከል እቃው ቀላል ሆኖ ተገኘ እንጂ በዚያ ቀን አልቀለለም። የአስጠኚና የቴሌግራም ቡድኑ ክስም ቢሆን በአብዛኛው የከተማ ክስ ነው፤ የተፈተነው ግን አስጠኚ የሚባል አይቶ የማያውቀው የገጠር ልጅም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልተናገሩትን እኔ ልናገርላቸው፤ ቢጠቀሙበት ክርክራቸው ይበረታ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ እስኪሰረዝ በደረሰበት ዘመን፣ ለልጁ መልስ ፍለጋ ገንዘብ ይዞ ሲዞር የነበረ ወላጅ አይቻለሁ። ያም ተሳትፎ ነበር። ልጁን አሳልፎ የሚሸጥ ተሳትፎ። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ለመምህር «የልጄ ነጥብ ለምን ጎደለ?» የሚል የድምፅ መልእክት የምንልክም አለን፤ በዚህ ላይ የጻፉትን አንቀጽ አንድ ቃል ሳልቀንስ እቀበላለሁ። በትምህርት ቤታችን ቡድንም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መልእክት እንዳይላክ ተስማምተናል፤ ሐሳቡን የሰጡን ራሳቸው መምህራኑ ናቸው፤ ያውም በስብሰባ ላይ።

ስብሰባችን አሁን ወር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ጸሐፊው በአራት ኪሎ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ይምጡ፤ ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቃል እንጂ አይከለክልም። ወንበሮቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች ስለሆኑ ጉልበትዎን ይጠንቀቁ። የጉሊቷ እናት ብዙ ጊዜ ቀድማ ትደርሳለች፤ ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ደብተር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ ነበር።